የኢንፌክሽን መከላከል ስልጠና ለጤና ረዳቶች፦ ወስጄ ያየሁት

ሰሞኑን የኢንፌክሽን መከላከልና መቆጣጠር ስልጠና ጨረስኩ። ለጤና ረዳቶች ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ግማሹን በስልክ ወይም በኮምፒውተር በራሳችሁ ጊዜ ትማራላችሁ። ሌላው ግማሽ ከአሰልጣኝ ጋር በአካል የሚሰራ የአንድ ሙሉ ቀን ልምምድ ነው። "ልውሰደው ወይስ ጊዜዬን ነው የሚበላው?" እያሉ የሚጠይቁኝ የስራ ጓደኞች ስለበዙ ያየሁትን እዚህ ላይ ልዘርዝረው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ውሰዱት። ግን የልምምድ ቀን ያለውን። የኦንላይኑን ክፍል ብቻ ወስዶ ሰርተፊኬት ማተም ይቻላል፤ እሱን ብቻ ከወሰዳችሁ ግን ዋናው ነገር አምልጧችኋል።

እኔ ዋርድ ውስጥ በረዳትነት ስሰራ ዓመታት ተቆጥረዋል። እጅ መታጠብ፣ ጓንት ማጥለቅ፣ አንሶላ መቀየር፣ የሽንት ከረጢት መድፋት የየቀኑ ስራዬ ነው። ስለዚህ ስመዘገብ አዲስ ነገር አገኛለሁ ብዬ አልነበረም፤ ለወረቀቱ ብዬ ነው። ስወጣ ግን አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እጄን እንዴት እንደምታጠብ አውቅ ነበር። መቼ እንደምታጠብ ግን አላውቅም ነበር። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

የመጀመሪያው ሞጁል በቁጥር ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ሪፖርት ያነሳል። ሆስፒታል ገብተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች መካከል ሀብታም በሚባሉ አገሮች 7ቱ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ 15ቱ እዚያው እያሉ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። ከሚያዙት 10 ሰዎች ደግሞ በአማካይ አንዱ ይሞታል። እነዚህ ሰዎች የመጡት ለሌላ ነገር ነው። አንዱ እግሩ ተሰብሮ፣ አንዷ ልትወልድ፣ አንዱ ለቀላል ቀዶ ጥገና። ኢንፌክሽኑን ይዘው አልመጡም፤ እኛ ጋ ነው ያገኙት።

ከዚያ አንድ ቪዲዮ ይመጣል። የስልጠናው ምርጥ ቪዲዮ ይሄ ነው። አንዲት አልጋ ላይ የተኙ አዛውንት ከጠዋት እስከ ቀትር ይታያሉ። ሰው በነካቸው ወይም አካባቢያቸውን በነካ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ነጥብ ይቀመጣል። ሐኪሙ መጣ፣ አየ፣ ሄደ፤ ጥቂት ነጥብ። ነርሷ መድኃኒት ሰጠች፤ ጥቂት ነጥብ። ረዳቷ አጠበቻቸው፣ ገለበጠቻቸው፣ አንሶላ ቀየረች፣ ማንኪያ ይዛ አበላቻቸው፣ የሽንት ከረጢት ደፋች፣ ትራስ አስተካከለች፣ የአልጋውን ብረት ከፍ ዝቅ አደረገች። ቪዲዮው ሲያልቅ አልጋው በነጥብ ተሸፍኗል፤ አብዛኛው የረዳቷ ነው። እዚህ ላይ ቪዲዮውን አቁሜ ትንሽ ቆየሁ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስራዬን እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ሰው አልነበረም። ስለ ኢንፌክሽን ሲወራ ሁልጊዜ ሐኪምና ነርስ ነው የሚነሳው፣ እኛ "ሌሎች ሰራተኞች" ነን። ታካሚውን ቀኑን ሙሉ የሚነካው ግን የኛ እጅ ነው።

ቀጥሎ ስለ ኢንፌክሽን ሰንሰለት ያስተምራል። ስድስት ቀለበት አለው፦ ጀርሙ፣ የሚኖርበት ቦታ፣ የሚወጣበት በር፣ የሚጓዝበት መንገድ፣ የሚገባበት በር፣ የሚቀበለው ሰው። አንዱን ከቆረጣችሁ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ይሄን አብዛኛው ሰው ስለሚያውቀው አልቆይበትም።

አሁን ወደ ልምምዱ ቀን ልለፍ፤ ያ ቀን ብቻውን ድካሙን ይክሳል።

አሰልጣኛችን ለረጅም ጊዜ በነርስነት የሰሩ እናት ናቸው። ድምጻቸው ዝግ ያለ ነው፤ ግን አንዲት ነገር አያመልጣቸውም። ገና እንደገባን ለእያንዳንዳችን እጃችን ላይ ነጭ ክሬም ጠብ አደረጉልንና "በሉ፣ ሁልጊዜ እንደምታደርጉት እሹት፤ ለኔ ብላችሁ አትጨምሩ" አሉን። አሸን። መብራት አጠፉ። ከዚያ ወይን ጠጅ ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ መብራት አምጥተው እጃችን ላይ አበሩ። ክሬሙ የነካው ቦታ ሁሉ በጨለማው ውስጥ ያበራል፤ ያልነካው ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

መዳፌ ቦግ ብሎ አበራ። የእጄ ጀርባም ደህና ነበር። አውራ ጣቴ ግን ከስሩ እስከ ጫፉ ጥቁር ነበር። የጣቶቼ ጫፎች፣ ጥፍሬ ስር ያለው ቦታ፣ በጣቶቼ መካከል ያለው ቆዳ ጥቁር። አጠገቤ የቆመችው ልጅ ቀለበት አድርጋ ነበር፤ ስታወልቀው ስሩ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር ዙሪያውን ከቦታል። አሰልጣኟ አውራ ጣቴን ያዝ አድርገው "ማንኪያውን የሚይዘው ይሄ ጣት ነው እኮ፣ ልጄ" አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳኒታይዘር ባሸሁ ቁጥር አውራ ጣቴን በሌላኛው መዳፍ ጨብጬ አሽከረክራለሁ፤ የጣቶቼን ጫፍ ደግሞ መዳፌ ላይ እፈትጋለሁ።

ሰዓትም አስይዘውናል። ሳኒታይዘር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መታሸት አለበት። በውሃና በሳሙና ከሆነ ከመክፈት እስከ ማድረቅ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። ሰዓት ሳናይ "በቃ 20 ሰከንድ ሞላ" ስንል እጅ እንድናወጣ አዘዙን። ሁላችንም ቶሎ አወጣን። ሰው ሲቸኩል ሰከንድ ይረዝምበታል።

ሳኒታይዘርና ሳሙና መቼ መቼ እንደሚሆኑም በደንብ ተብራርቷል። እጃችሁ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ወይም ደም ካለ ሳሙናና ውሃ። ታካሚው ተቅማጥ ካለው ሳሙናና ውሃ። ምክንያቱን እስከዛሬ አላውቀውም ነበር። ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባል ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ አለ፤ ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ጠቅልሎ ስፖር ይሆናል። አልኮል ስፖሩን አይገድለውም። ሳሙናና ውሃም ባይገድሉት ከእጅ ላይ አጥበው ያወርዱታል። ኖሮ ቫይረስ የሚባለውን ሌላ የተቅማጥ አምጪም አልኮል ብዙ አይበግረውም። በተቀረው ጊዜ ግን፣ እጅ ንጹህ ሆኖ እስከታየ ድረስ፣ በአልኮል ማሸት ፈጣንም የተሻለም ነው። እጄ ተሰነጣጥቆ የሚያቃጥለኝ ሳሙናውንም ሳኒታይዘሩንም በላይ በላዩ ስለምጠቀም መሆኑን እዚያ ነው የሰማሁት። ከሁለቱ አንዱ ይበቃል፤ ሎሽን ደግሞ አይረሳ፣ የተሰነጠቀ ቆዳ ለጀርም በር ነው።

አሁን ያ "መቼ" ያልኩት ነገር። የዓለም ጤና ድርጅት አምስት ጊዜዎች ብሎ ያስቀመጣቸው አሉ። ታካሚውን ከመንካት በፊት፤ ንጽህና የሚፈልግ ስራ ከመስራት በፊት፤ ደም ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ሊነካችሁ ከሚችል ስራ በኋላ፤ ታካሚውን ከነካችሁ በኋላ፤ የታካሚውን አካባቢ ከነካችሁ በኋላ። ግድግዳችን ላይ ተለጥፎ ዓመታት አይቼዋለሁ። በቃሌም አውቀዋለሁ። ስሰራው ግን ሌላ ሆነ።

አሻንጉሊት ታካሚ አልጋ ላይ አስተኝተው "ግቢና የሽንት ከረጢታቸውን ደፍተሽ፣ አመቻችተሽ ውጪ" አሉኝ። በሩ ላይ ሳኒታይዘር አሸሁ። ገባሁ። መጋረጃውን ሳብኩ። የአልጋውን ብረት አወረድኩ። ከዚያ "እንደምን አደሩ እማማ" ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። አሰልጣኟ አስቆሙኝ። "ልጄ፣ ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ ምን ምን ነካሽ?" ቆጠርኩ። የበሩ እጀታ፣ መጋረጃው፣ የአልጋው ብረት። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ሲንቀጠቀጥ በእጄ ዝም አሰኝቼው ነበር፤ እሱንም ቆጠርኩ። አራት። እዚያ መጋረጃ ላይ ስንት እጅ እንዳረፈ አስቡት፤ መጋረጃ በየቀኑ አይታጠብም።

እንደገና ጀመርኩ። አሁን ጓንት አድርጌ ከረጢቱን ደፋሁ፣ ቱቦውን ዘጋሁ፣ በዚያው ጓንት ትራሳቸውን አስተካከልኩ፣ ብርድ ልብሱን ወደ አንገታቸው ሳብኩላቸው። ደግነት መስሎኝ ነው። አሰልጣኟ ዝም ብለው ጓንቴን፣ ከዚያ ትራሱን በጣታቸው አመለከቱኝ። ወዲያው ገባኝ፤ በእውነት አመመኝ። ይሄን በየቀኑ አደርገዋለሁ። የሽንት ከረጢት በነካሁበት ጓንት የስንቱን ታካሚ ትራስ አስተካክያለሁ?

ጓንት እጃችንን ይሸፍናል እንጂ ንጹህ አያደርገንም። ያደረገ ሰው እጁ ስለማይረጥብበት የነካውን ይረሳል። ጓንት የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፤ ስናወልቀውም እጃችንን ሊነካን ይችላል። ስለዚህ ከወለቀ በኋላ እጅ ይታሻል። አንድ ስራ፣ አንድ ጓንት። ጓንትን በሳኒታይዘር አሽቶ ወደ ሌላ ታካሚ መሄድ የሚባል ነገር የለም።

ስልጠናው እዚህ ጋ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪምን ታሪክ ያነሳል። በ1847 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው በሚያዋልዱበት ክፍል እናቶች በብዛት ይሞታሉ፤ አዋላጆች በሚያዋልዱበት ግን ያን ያህል አይሞቱም። ዜመልቫይስ ሐኪሞቹ አስከሬን ከሚመረምሩበት ክፍል በቀጥታ ወደ ወላዷ እንደሚመጡ አስተዋለ። በክሎሪን ውሃ እጃቸውን እንዲታጠቡ አስገደደ። በሚያዝያ ወር ከ100 ወላዶች 18 ገደማ ይሞቱ ነበር፤ በሰኔ ወደ 2 ወረደ። ጀርም የሚባለውን ገና ማንም በቅጡ ሳያውቀው ነው ይሄ የሆነው። ግን ብዙዎቹ ሐኪሞች አልተቀበሉትም። ሞጁሉ ታሪኩን በሦስት ደቂቃ ጨርሶ ያልፋል። እኔ ብሆን እዚያ ላይ እቆይ ነበር። "የገደላት ያንተ እጅ ነው" መባልን ማን ይወዳል? ይሄ ጥያቄ ዛሬም ዋርዳችን ውስጥ አለ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ጠንካራ ክፍል መከላከያ ልብስ ማውለቅ ነው። ልብ በሉ፣ ማውለቅ። መልበሱን ሁላችንም እንችላለን፦ ጋውን፣ ማስክ፣ መነጽር፣ በመጨረሻ ጓንት ከጋውኑ እጅጌ በላይ ተስቦ። አደጋው ያለው ስናወልቅ ነው። ስራ አልቋል፣ ደክሞናል፣ ሙቀቱ አፍኖናል፣ ቶሎ መገላገል ነው የምንፈልገው።

አሰልጣኟ ጓንታችንና ጋውናችን ላይ ቀይ ቀለም ቀቡን። "ቀለሙ ገላችሁን ሳይነካ አውልቁ" አሉ። የመጀመሪያው ሙከራዬ ላይ ጓንቱን ሳወልቅ የእጄን አንጓ ቀለም ነካኝ። ጋውኑን በጭንቅላቴ ሳወጣ አንገቴን ነካኝ። ማስኩን ከፊት ለፊት ይዤ ሳወርደው ደግሞ ጆሮዬ ስር ቀይ መስመር ወጣ፤ ማንም ባይነግረኝ እቤት ይዤው እገባ ነበር። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ከሁሉ የቆሸሸው ጓንት፣ ውጪው ወደ ውስጥ ተገልብጦ። ከዚያ መነጽር፣ ከኋላ ተይዞ። ከዚያ ጋውን፣ ክሩ ተፈትቶ፣ ከትከሻ ወደ ፊት ተስቦ፣ ውስጡ ወደ ውጪ ሆኖ እየተጠቀለለ። ማስክ መጨረሻ፣ ክሩን ብቻ ይዞ፣ ፊቱን ሳይነኩ። መሃል ላይ እጅ ከቆሸሸ ማሸት፣ ሲያልቅ ደግሞ የግድ ማሸት። አራት ጊዜ አወለቅኩ። በአራተኛው አንዲት ጠብታ አልነካኝም። ይሄን በስክሪን ላይ መቶ ጊዜ ቢያዩት አይገባም፣ እጅ ራሱ መልመድ አለበት።

ስለ ማስክም አጭር ግን ጠቃሚ ነገር አለ። ተራው የቀዶ ጥገና ማስክ ጠብታ ያግዳል። ሳንባ ነቀርሳ፣ ኩፍኝ፣ ጉድፍ ግን በአየር ላይ ተንሳፍፈው ስለሚቆዩ ፊት ላይ ጥብቅ የሚል፣ ኤን 95 የሚባለው ዓይነት ያስፈልጋል። ለብሳችሁ በሁለት እጃችሁ ከባችሁ ተንፍሱ፤ በጎን አየር ካመለጠ አልገጠመም ማለት ነው።

ሦስተኛው የወደድኩት ነገር የኛን ትናንሽ ስራዎች መያዙ ነው። የሽንት ከረጢት ከፊኛ በታች ይንጠልጠል፤ ወለል ግን አይንካ። ሞልቶ እስኪወጠር አይጠበቅ፣ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ይደፋ። ሲደፋ የቱቦው አፍ ዕቃውን አይንካ፤ ዕቃው ደግሞ ለእያንዳንዱ ታካሚ የተለየ ይሁን። ታካሚውን በዊልቸር ስንወስድ ከረጢቱን ጭኑ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ከረጢቱ ከፍ ካለ ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ጀርሙም አብሮ። የቆሸሸ አንሶላ አይራገፍም፣ አይታቀፍም፣ ወንበር ላይ አይጣልም። ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ እዚያው አልጋው ጋ በቀረበ ከረጢት ውስጥ ይገባል። እኔ አንሶላ ደረቴ ላይ አቅፌ ኮሪደሩን የምሻገር ሰው ነበርኩ። በዚያው ዩኒፎርም ደግሞ ሌላ ታካሚ ደግፌ አነሳለሁ።

እንግዲህ ድክመቱ።

የጽዳትና የበረኪና ክፍል በጣም ደካማ ነው። አንድ ስላይድ! "ገጽታዎችን በአግባቡ በክሎሪን ያጽዱ" ይላል፤ አለቀ። "በአግባቡ" ማለት ምን ማለት ነው? በብዙ ቦታ በረኪናውን የሚበጠብጠው ረዳት ነው፣ መመሪያ የሚያስፈልገውም እሱ ነው። ጠይቄ ከአሰልጣኟ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። በመጀመሪያ ቆሻሻው ይታጠባል፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ ክሎሪን አቅሙን ያጣል። ከዚያ መጠን። የያዛችሁት በረኪና 5 ፐርሰንት ከሆነና ለፈሰሰ ደም 0.5 ፐርሰንት ከፈለጋችሁ፣ 5ን ለ0.5 አካፍሉ፣ 10 ይመጣል፣ 1 ቀንሱ፣ 9። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ማለት ነው። ለተራው ጠረጴዛና የአልጋ ብረት 0.1 ፐርሰንት ይበቃል፤ በዚያው ስሌት አንድ እጅ በ49 እጅ ውሃ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ፐርሰንት ሳታነቡ አትበጥብጡ፤ ሁሉም 5 አይደለም። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ። ደሙ ታጥቦ በተነሳበት ቦታ ላይ ሲፈስ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ወዲያው መጥረግ ዋጋ የለውም። ከአሲድም ሆነ አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር በጭራሽ አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ጽዳት ከንጹህ ወደ ቆሻሻ፣ ከላይ ወደ ታች። ይሄ ሁሉ በአምስት ደቂቃ የሚነገር ነው፤ ሞጁሉ ውስጥ ለምን እንዳልገባ አልገባኝም።

የመርፌ ጉዳት ክፍልም ቸኩሏል። ይዘቱ ትክክል ነው፣ ግን ረዳት መርፌ አይወጋም ብለው ያሰቡ ይመስላል። እኛ አንወጋም፤ መርፌው ግን እኛን ይወጋናል። ከዓመታት በፊት እሰራበት በነበረ አንድ ቦታ አንሶላ ስጠቀልል ውስጡ የተረሳ መርፌ ጣቴን ወጋኝ። ደሙን ጨመቅኩት። ለማንም አልተናገርኩም፤ "ተጠንቅቀሽ አትሰሪም ወይ" እንዳልባል ፈራሁ። ወራት በጭንቀት አለፉ። ምንም አልሆንኩም፣ ተመስገን። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ሳትጨምቁ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፣ ወዲያው ለኃላፊ ተናገሩ፣ ተመዝገቡ፣ ተመርመሩ። ለኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ደግሞ ይሻላል። ኤችአይቪ ካለበት ሰው መርፌ ከተወጉ 1000 ሰዎች የሚያዙት 3 ገደማ ናቸው። ጉበት የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ሲ ከ100 2 እንኳን አይሞላም። ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው ከ100 እስከ 30 ሊደርስ ይችላል፤ ቫይረሱም ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ክትባት አለው፤ ብዙውን ጊዜ በ3 ዙር የሚሰጥ። ረዳቶች "እሱ ለነርሶች ነው" እየተባልን እንዳንቀር፤ አንሶላ የምንጠቀልለው እኛ ነን። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል፤ እጅ አስገብቶ መጠቅጠቅ የለም። የተጠቀሙበትን መርፌ ክዳኑን መልሶ መግጠምም የለም።

ትልቁ ጉድለት ግን ሌላ ነው። ስልጠናው እኛን ብቻችንን የምንሰራ አድርጎ ነው የሚያየው። ሁሉ ነገር የተሟላለት ዋርድ፣ በየአልጋው ሳኒታይዘር፣ በየመጠኑ ጓንት፣ ሰዓት የሞላለት ረዳት። ሌሊት ተረኛ ሆናችሁ ጓንት ሲያልቅስ? አንድ ረዳት ለብዙ አልጋ ሲሆንስ? ሐኪሙ ከአንዱ ታካሚ ተነስቶ እጁን ሳያሽ ወደ ቀጣዩ ሲሄድ እያያችሁስ? ረዳት ሐኪምን "እጅዎን" ማለት ይችላል ወይ? አንዲት መስመር የለም። ዜመልቫይስን ያስታወስኩት ለዚህ ነው። እሱ ሐኪም ሆኖ አልሰሙትም፤ እኛን ማን ይሰማናል?

ልምምዱ ላይ ይሄን አነሳሁ። ክፍሉ በአንዴ ተንጫጫ፤ ሁሉም የየራሱን መናገር ጀመረ። አሰልጣኟ ከፕሮግራሙ ወጥተው ግማሽ ሰዓት ሰጡን። ጓንት ሲያልቅ ለየትኛው ስራ እንደምንቆጥብ አስረዱን፤ ደምና ፈሳሽ ላለበት ነው፣ ልብስ ለማልበስና ሙቀት ለመለካት ታሽቶ የደረቀ ባዶ እጅ ይበቃል። ስለ ሐኪሙ ደግሞ "ሳኒታይዘሩን ይዘሽ አጠገባቸው ቁሚና 'ዶክተር፣ ይኸው' በይ፤ ከልመናም ከወቀሳም ይሻላል" አሉኝ። ሁለት ሁለት ሆነን ተለማመድነው። አንዷ ሐኪም፣ አንዷ ረዳት። መጀመሪያ ሁላችንም ድምጻችን ይጠፋ ነበር። ያ ግማሽ ሰዓት በሞጁሉ ውስጥ መጻፍ አለበት። አሁን ያለው በአሰልጣኝ በጎ ፈቃድ ብቻ ነው፤ ሌላ አሰልጣኝ የደረሳችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ።

ስለ ኦንላይኑ ክፍል አጠር ላድርግ። በስልክ በደንብ ይሰራል። ካቆማችሁበት ይቀጥላል፤ በሺፍት መሃል ለምንማር ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አማርኛው ግን አንዳንድ ቦታ ከመዝገበ ቃላት የተለቀመ ይመስላል፤ ማንም ዋርድ ውስጥ "የግል ደህንነት መጠበቂያ ቁሳቁስ" እያለ አይጠራም፣ ጓንት፣ ማስክ፣ ጋውን ማለት ይበቃ ነበር። ፈተናው በጣም ቀላል ነው። ረጅሙን መልስ እየመረጣችሁ ብትሄዱ የምታልፉ ይመስለኛል። የወደቃችሁበትን ጥያቄ ለምን እንደተሳሳታችሁ አይነግራችሁም፣ "እንደገና ሞክር" ብቻ ነው የሚለው። ይሄን ቢያስተካክሉ ደስ ይለኛል።

ከስልጠናው ማግስት ጠዋት ተረኛ ነበርኩ። ሦስተኛው አልጋ ላይ ያሉት እናት የሽንት ከረጢት ሞልቷል። ደፋሁ። እጄ ሳላስበው ወደ ትራሳቸው ሲሄድ አየሁት። አቆምኩ። ጓንቱን አወለቅኩ፣ እጄን አሸሁ፣ አውራ ጣቴን ሳልረሳ፣ እስኪደርቅ ቆየሁ። ከዚያ ትራሳቸውን አስተካከልኩ። "ምነው ዛሬ ቆየሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ታዲያ ለሌሎቹም ንገሪያቸው" አሉኝ።

ልትመዘገቡ ካሰባችሁ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። የልምምድ ቀን አለው ወይ? አንድ አሰልጣኝ ስንት ሰው ነው የሚይዘው? እኛ 12 ነበርን፤ ከዚያ በላይ ቢሆን አራት ጊዜ ጋውን ማውለቅ አይደርሳችሁም። ስለ ጓንት እጥረትና ስለ መናገር የሚሰጥ ጊዜ አለ ወይ? ከሌለ እናንተው አንሱት። በልምምዱ ቀን እጅጌ አጭር ልብስ ልበሱ፣ ጥፍራችሁን አሳጥሩ፣ ቀለበትና ሰዓት እቤት ይቅር። ለቀይ ቀለሙ ደግሞ ነጭ ልብስ አትልበሱ፤ እኔ ለብሼ ሄጄ አልለቀቀልኝም።